አልመለስም ያሉት ጋሽ ኦስታፕ

ጋሽ ኦስታፕ ወደ እኛ የመጡት በስህተት ነው። ስህተቱ የማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ሹፌራችን አለልኝ የበረዶው ነው ይላል። አለቃችን ቸሩ የአለልኝ ነው ይላል። እሳቸው ደግሞ ስህተት የሚባል ነገር አልነበረም ባይ ናቸው።

እኔ ቲጂ እባላለሁ። ሚኒሶታ፣ ኒው ሆፕ በምትባል ከተማ ባለ የአረጋውያን መዋያ፣ እኛ ደይኬር በምንለው ቤት፣ ምሳ አቀርባለሁ፣ ቢንጎ አጫውታለሁ፣ ሲጣሉም አስታርቃለሁ። ደንበኞቻችን ጠዋት በቫን መጥተው ከሰዓት በቫን ይመለሳሉ፤ መሀል ላይ ያለውን ጊዜ እርስ በርስ በመተማማት ያሳልፉታል። አብዛኞቹ አማርኛ ተምረው ያደጉ ኤርትራውያን ናቸው፤ የአዲስ አበባ ሰዎችም አሉበት።

ጊዜው የዐቢይ ጾም መግቢያ ነበር፣ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ የሚሆንበት ሰሞን። አለልኝ ክሪስታል ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ ሄዶ አቶ ኃይለማርያም የሚባሉ አዲስ ደንበኛ እንዲያመጣ ተነገረው። የቤቱን ቁጥር በረዶ ሸፍኖታል። ከመንገዱ ማዶ ግን አንድ ሽማግሌ ከዘራ ይዘው፣ የጸጉር ባርኔጣ እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ ፊታቸውን በስካርፍ ጠቅልለው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። የሚታየው አፍንጫቸው ብቻ ነው፤ እሱም በብርዱ ከመቅላቱ የተነሳ የማንም አገር አፍንጫ ሊሆን ይችል ነበር።

«አቶ ኃይለማርያም?» አለ አለልኝ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገብተውም ቀበቶ አሰሩ። አለልኝ መንገዱን ሙሉ ድራይቭ እያደረገ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ቀድሞ ሚስቱ በአማርኛ አጫወታቸው። እሳቸውም በየመሀሉ «እምም» ይሉት ነበር። «ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ናቸው፣ አያቋርጡም» ብሎ በልቡ አደነቃቸው።

አዳራሻችን ገብተው ስካርፉን ሲፈቱ ከሥሩ ብቅ ያለው ነጭ ፈረንጅ ነው። ሰማያዊ ዓይን፣ ጆሮ ላይ የበቀለ ጸጉር፣ ሁሉም አለ።

ዶሚኖው ቆመ። አደይ ወርቂ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ላይ አወረዱ። እኚህ ሴት ሱዳን ውስጥ ከሰላና ካርቱም፣ ከዚያም ሮም ኖረው ወደዚህ የመጡ ናቸው፤ የሚገርማቸው ነገር ጥቂት ነው።

«ኣንታ አለልኝ፣ ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?»

«ከክሪስታል» አለ አለልኝ።

ወዲያው ስልክ ጮኸ። እውነተኛው አቶ ኃይለማርያም ናቸው። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ በራቸው ላይ ቆመው ቀርተዋል። ያሉኝን ሁሉ አልደግመውም፤ ለጾም የሚሆን ንግግር አልነበረም።

ቸሩ ከቢሮው ዘሎ ወጣ። «መልሰው! አሁኑኑ መልሰው! ላይሰንሴን ልታስነጥቁኝ ነው?»

«ምሳ ሳይበላ ሰው አይባረርም» አሉ አቦይ ዘርእማርያም ከተቀመጡበት ሳይነሱ። አቦይ ዘርእማርያም ኤርፖርት ላይ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማንም ሳይመርጣቸው የአዳራሹ አፈ ጉባኤ ሆነዋል።

ፈረንጁም ተቀመጡ። የዕለቱ ምሳ አልጫ ጥቅል ጎመን በድንችና ቀይ ስር ነበር። ቀይ ስሩን ቀመሱት፤ ቀና ብለው አዩኝ።

«ማን ሠራው?» አሉ በእንግሊዝኛ።

«እኔ።»

«ኮምጣጤ ይጎድለዋል» አሉና ጨምሪልኝ ብለው ሳህኑን ዘረጉ። ኦስታፕ እባላለሁ አሉን። ቀጥለው ድንቹን በሹካ ወግተው አነሱና፣ «በእናንተ ቋንቋ ይሄ ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁ።

«ድንች» አሉ አቦይ ዘርእማርያም።

«ድንሽ» አሉ አደይ ወርቂ።

«ድንች!»

«በትግርኛ ድንሽ ነው! አዲስ አበባ ተወልደህ ምኑን ታውቀዋለህ?»

ጋሽ ኦስታፕ ሁለቱን ሰዎች በደስታ ተመለከቱ። «ተጠንቀቁ» አሉ። «ሰው በድንች ስም ሊያዝ ይችላል። እኔን ሊይዙኝ ነበር።» ከዚያ ጎመኑን እያላመጡ ነገሩን።

የተወለዱት ዩክሬን ውስጥ፣ ፖልታቫ በሚባል አውራጃ፣ በሶቪየት ግዛት ነው። አባታቸውን ከጦርነቱ በፊት የራሳቸው መንግሥት ሰዎች በሌሊት ወሰዷቸው። ጀርመኖች ሲመጡ ደግሞ እናታቸውን ለፋብሪካ ሥራ ወደ ጀርመን አገር ወሰዷት፤ ልጁም ቀሚሷን ይዞ ሄደ። ጦርነቱ አለቀ። በየፋብሪካውና በየእርሻው ተበትኖ የነበረውን ሕዝብ አሸናፊዎቹ በባዶ የወታደር ሰፈሮች አጎሩት፤ «ሁሉም ወደ አገሩ ይመለሳል» ብለውም ተስማሙ። ለፈረንሳዩና ለሆላንዱ ሠርግ ነበር። የሶቪየቱን ሰው ለመመለስ ግን መኮንኖች ካሚዮን ይዘው መጡ። ለጀርመን የሠራ ሰው፣ ተገዶም ቢሆን፣ እንደ ከሃዲ ይቆጠር ነበርና ከካሚዮኑ ወርዶ ቤቱ መድረሱ አጠራጣሪ ነው።

«ከጦርነቱ በፊት ፖላንድ በነበረው በምዕራቡ በኩል የተወለደ ግን አይገደድም ተባለ» አሉ ጋሽ ኦስታፕ። «እናቴ በማግስቱ ከእንቅልፏ ስትነሳ የምዕራቡ፣ የቴርኖፒል ሰው ሆና ተነሳች።»

ካምፑ ውስጥ አንዲት እውነተኛ የቴርኖፒል ሴት ነበረች። እናትና ልጅን አስቀምጣ አስጠናቻቸው፦ የቄሱን ስም፣ የገንዘቡን ስም፣ በካቶሊኮቹ ሥርዓት መጸለይን፣ ድልድዩ የት እንዳለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ድንችን። በፖልታቫ ድንች ካርቶፕሊያ ነው፤ በቴርኖፒል ባራቦሊያ። ልጁ በተሳሳተ ቁጥር በማንኪያ ግንባሩን ትመታዋለች።

የሶቪየቱ መኮንን መጣ። ልጁን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ከረሜላ ሰጠውና ፈገግ አለ።

«ዛሬ ምን በላህ?»

«ባራቦሊያ።»

«ትናንትስ?»

«ባራቦሊያ።»

«ሌላ የምትወደው ምግብ የለም?»

«ባራቦሊያ» አለ ልጁ፤ ዓለም ላይ ያለው ቃል እሱ ብቻ ነበር። በር ላይ የቆመው አሜሪካዊ ወታደር ሳይቀር ሳቀ። መኮንኑ ተናዶ ከረሜላውን መልስ አለ። ልጁ ውጦት ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ስፖንሰር አድርጓቸው ሚኒያፖሊስ ገቡ። ጋሽ ኦስታፕ ዕድሜ ልካቸውን ዱቄት ፋብሪካ ሠሩ፤ የእውነት የቴርኖፒል ልጅ አገቡ። ሚስታቸው አነጋገርህ ለምን እንግዳ ሆነብኝ ስትላቸው የዱቄት ብናኝ ጉሮሮዬን ጎድቶት ነው ይሏት ነበር። እሷም አምና ሞተች።

«ለሚስትህ እንኳ አልነገርክም?» አሉ አቦይ ዘርእማርያም።

«መጀመሪያ ዋሽተሃል ብለው እንዳይመልሱኝ ፈራሁ። በኋላ ሰነፍኩ።»

አዳራሹ ውስጥ ደረቱን የመታ፣ እንባውን የጠረገ ሰው አልነበረም። አደይ ወርቂ «ይሄው ነው?» ብለው የራሳቸውን ጀመሩ። ከሰላ በስደት ሳሉ፣ በፈቃዳችሁ ወደ አገራችሁ ተመለሱ እያሉ የሚመዘግቡ የዩኤን ሰዎች በመጡ ቁጥር እሳቸው ላይ ወባ ይነሳባቸው ነበር። ሰዎቹ ሲሄዱ ወባውም አብሮ ይሄዳል። አቦይ ዘርእማርያም በበኩላቸው በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ወደ አገርህ ተመለስ ተብለው በአውቶቡስ የተጫኑትን አነሱ። «ረግጬው ወደማላውቀው አገር መለሱኝ» አሉ። «ሰው ሄዶ ወደማያውቅበት እንዴት ይመለሳል? ሰዋስዉም እኮ አይፈቅድም።» ለነገሩ ትክክለኛ ቀኑን የሚያውቅ ስላልነበረ፣ እኛ ቤት ደንበኛው ሁሉ በስደት ወረቀቱ የተወለደው ጃንዋሪ አንድ ቀን ነው። በዚያን ሰሞን ኬክ ስቆርጥ እጄ ይዝላል።

በማግስቱ አለልኝ አቶ ኃይለማርያምን ሊያመጣ ክሪስታል ሄደ። ጋሽ ኦስታፕ መንገዱን ተሻግረው አቶ ኃይለማርያም ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። የፊተኛው ወንበር ላይም እሳቸው ቀድመው ወጡ። አቶ ኃይለማርያም ኋላ ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ የጋሽ ኦስታፕን አንገት በዓይናቸው ወጉት። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። የጋሽ ኦስታፕን ስም መያዝ ያቃታቸው አደይ ወርቂ «ኡስታዝ» ብለው ይጠሯቸው ጀመር። በትውልድ ኦርቶዶክስ፣ በውሸት ካቶሊክ የሆኑ ሰው በኛ ቤት ደግሞ ኡስታዝ ሆኑ። እሳቸው በደስታ አቤት ይላሉ።

የሚሄዱበት ሌላ መዋያ አጥተው አልነበረም። ያን ዕለት ጠዋት ደጃፍ ላይ የቆሙት የምሥራቅ አውሮፓ ሽማግሌዎች የሚውሉበት ቤት ቫን እስኪመጣ ነበር። ታዲያ ለምን እኛ ዘንድ ይመጣሉ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እዚያ ያሉት ሁሉ የቴርኖፒል ሰዎች ናቸው» አሉኝ። «ጠዋት ስገባ አንዱ ‹ኦስታፕ፣ ድልድዩን ታስታውሰዋለህ?› ይለኛል። አስታውሳለሁ እላለሁ። ሌላው ደግሞ ‹ከድልድዩ ሥር የነበረውን ዳቦ ቤትስ?› ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ስለማላውቀው ድልድይ ሳወራ ኖርኩ፤ ደከመኝ። እናንተ ስለ ድልድይ አትጠይቁኝም።»

ቸሩ ይህን ሁሉ አላይም አልሰማም ብሎ ቢሮው ውስጥ ተደበቀ። ለደንበኞቻችን የሚከፍለውን ካውንቲ በእሳቸው ስም ቢል አላደረገም፣ ገንዘብ አልጠየቀም፤ የሚበሉትን ቀይ ስር ግን በበር ስንጥቅ ይቆጥር ነበር።

የዚያኛው መዋያ አስተባባሪ ግን ዳርካ ለምትባለው ልጃቸው ደወለች። አባትሽ ወዴት ጠፋ አለቻት። ዳርካ ደነገጠች፤ አባቷ በየቀኑ ደስ ብሏቸው ወጥተው ደስ ብሏቸው ነበር የሚመለሱት። አንድ ጎረቤት የቫናችንን ጽሑፍ አይቶ ኖሮ ነገራት። ሐሙስ ከአስተባባሪዋ ጋር እንመጣለን ብላ ቀጠሮ ያዘች።

«ሐሙስ ማንም አፉን እንዳይከፍት!» አለ ቸሩ አዳራሹ መሀል ቆሞ። «እዚህ ቤት ለኤርትራውያንና ለኢትዮጵያውያን ነው የተፈቀደው። ሰውየውን ሰጥተን እንገላገላለን።»

ይህን ቢልም ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ ተደረገ። አጀንዳው ጋሽ ኦስታፕን ኤርትራዊ ማድረግ ነው።

«ከረን ተወለድኩ በል» አሉ አቦይ ዘርእማርያም። «ከረን ካቶሊኩም አለ፣ እስላሙም አለ፣ ሁሉም አለ።»

«ድንሽ በል» አሉ አደይ ወርቂ። «ድንች እንዳትል፤ ድንች የአዲስ አበባ ነው፣ ትያዛለህ።»

«ኧረ ፈረንጅ እኮ ናቸው!» አለ አለልኝ።

«ጣልያን ስንት ዓመት ነው የተቀመጠው?» አሉ አቦይ ዘርእማርያም። «የጣልያን ክልስ ነው እንላለን።»

ጋሽ ኦስታፕ እንደ ጎበዝ ተማሪ ደጋገሙት። ማንኪያ አላስፈለገም።

አስተባባሪዋና ዳርካ ከሰዓት በፊት መጡ። ዳርካ ስልሳ ያለፋት፣ የአባቷን ሰማያዊ ዓይን የወረሰች ሴት ናት። አስተባባሪዋ ድምፅዋ ማር ነው። ለሕፃን እንደሚደረገው ጋሽ ኦስታፕ ወንበር ሥር ቁጢጥ አለችና እጃቸውን ያዘች።

«ኦስታፕ የኔ ማር፣ ናፈቅከን። ሰው ከራሱ ወገኖች ጋር ሲሆን ነው የሚደሰተው። ወደ ወገኖችህ እንመልስህ፣ እሺ?»

አቦይ ዘርእማርያም ለአደይ ወርቂ ተረጎሙላቸው። አደይ ወርቂ የቢንጎ ካርዳቸውን አስቀመጡ።

«ይቺ ሴትዮ ዩኤን ናት እንዴ?»

አስተባባሪዋ ቀጠለች። «አሁን ያለህበትን ታውቀዋለህ?»

«ኒው ሆፕ።»

«በጣም ጥሩ! የተወለድክበትስ?»

ጋሽ ኦስታፕ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ከረን።»

«የት?»

«ከረን። ቁርስም ድንሽ በላሁ።»

አደይ ወርቂ አጨበጨቡ። ሌሎቹም ተከተሉ። እኔ ግን የዳርካን ፊት እያየሁ ነበርና ማጨብጨብ አልቻልኩም። አባቷ የጃጁ መስሏታል። አስተባባሪዋ ቀስ ብላ ተነሳች፤ የዳርካን ትከሻ ይዛም የመርሳት ሕመም ያለባቸው የሚቀመጡበት ጥሩ ቤት አለ፣ ዛሬውኑ እንደውል አለቻት። አቦይ ዘርእማርያም ነገሩን ያቀኑ መስሏቸው፣ «አባቱ ጣልያን ነው!» ብለው በእንግሊዝኛ ጮኹ። ዳርካ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች።

ያኔ ጋሽ ኦስታፕ በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

«ዳርካ፣ አልጃጀሁም። ውሸታም ነኝ እንጂ ጅል አይደለሁም። ከረን አልተወለድኩም፤ እነዚህ አስጠንተውኝ ነው። ቴርኖፒልም አልተወለድኩም።»

«አባዬ፣ እባክህ…»

«እሱንም አስጠንተውኝ ነው።»

እዚያው ሁላችን ፊት ነገሯት፣ ፖልታቫን፣ ካምፑን፣ ድንቹን። ዳርካ ማልቀሷን አቆመች፤ ከዚያ የባሰው ተከተለ።

«እኔ እኮ ቴርኖፒል ሄጃለሁ!» አለች። «መንደርህ ሄጄ ተንበርክኬያለሁ! አፈር አመጣሁልህ!»

«አዎ፣ ጥሩ አፈር ነው። ቲማቲም ተከልኩበት።»

«አንዲት አሮጊት አቅፋኝ አልቅሳ አያትሽን አስታውሳታለሁ አለችኝ!»

ጋሽ ኦስታፕ ትንሽ አሰቡ። «ደግ ሴት ናት» አሉ።

ዳርካ አባቷን በክንዳቸው ይዛ ወጣች። አስተባባሪዋ ተከተለቻቸው። ቸሩ ጠረጴዛው ላይ የተረፈ ውሃ ጠጣና ወደ ቢሮው ገባ።

ጋሽ ኦስታፕ ከዚያ ጠፉ። አለልኝ ክሪስታል በሄደ ቁጥር ቫኑን አቁሞ ወደ ማዶ ያያል፤ መጋረጃው አይንቀሳቀስም። በዚህ ሁሉ ይበልጥ የተጎዱት አቶ ኃይለማርያም ሆኑ። የፊተኛው ወንበር ተለቀቀላቸው፤ ተቀምጠውበት ዋሉ፤ ግን አኮረፉ። «የሚጣላኝ ሰው በሌለበት ምን ያደርግልኛል?» አሉ። አደይ ወርቂ ደግሞ፣ «አሳልፈን ሰጠነው» እያሉ ቢንጎ ሲያሸንፉ እንኳ አልጮኹም።

ከስንት ጊዜ በኋላ የካውንቲው ሶሻል ወርከር መጣች፤ ዳራርቱ ትባላለች፣ እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደች ልጅ ናት። ዳርካንና ጋሽ ኦስታፕን ይዛ ነበር። ቸሩ እጁን እያሻሸ ይቅርታ ሊደረድር ሲል በእጇ አስቆመችውና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«የት መዋል ነው የሚፈልጉት?»

«እዚህ።»

«ኦኬ» አለች ዳራርቱ። «የደንበኛው ምርጫ ነው። ማንም ከመጣ ማስተናገድ ትችላላችሁ።»

አበቃ። ያ ሁሉ ሰው ሲሰበሰብ፣ ሲያለቅስና ሲዋሽ፣ ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው አልነበረም። ቸሩ ላይሰንሱ እንደማይነጠቅ ሲያረጋግጥ፣ «እኔ እኮ ድሮም ብያለሁ» አለ። ምን እንዳለ ማንም አልጠየቀውም።

ዳርካ ያን ቀን ለምሳ ቆየች። አደይ ወርቂ ሳይጠይቋት ሳህኗን ሞሉት። ለረጅም ጊዜ በሹካዋ ስትጎረጉር ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«ለእናንተ መቼ ነው የነገራችሁ?»

መዋሸት አማረኝ፤ ግን በዚህ ቤት በቂ ተዋሽቷል። «በመጀመሪያው ቀን» አልኳት። «ምሳ ላይ።»

«በመጀመሪያው ቀን! እኔ ልጁ ነኝ!»

ለአደይ ወርቂ ተረጎምኩላቸው። «ታዲያ ለልጅ ይነገራል እንዴ?» አሉ። «ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ ያወራል።»

«ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው!» አለች ዳርካ።

«ቢሆንም» አሉ አደይ ወርቂ።

ዳርካ ሳትወድ ሳቀች። አፏን በናፕኪን ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ካርታ ከፍታ አባቷ ፊት አስቀመጠችው። አሁን ጦርነት ስላለ መሄድ አይቻልም፤ ቦታውን ግን ቢያንስ ልየው አለች።

«መንደርህ ኢቫኒቭካ ነው ያልከኝ። በፖልታቫ ብቻ ብዙ ኢቫኒቭካ አለ። የትኛው ነው?»

ጋሽ ኦስታፕ መነጽራቸውን አደረጉ። «ወንዝ ያለው።»

«ሁሉም ወንዝ አላቸው።»

አቦይ ዘርእማርያም አንገታቸውን አስግገው አዩ። «እኔ ብሆን ከተማው አጠገብ ያለውን እመርጣለሁ» አሉ። «መንገዱ ደህና ነው።»

ጋሽ ኦስታፕ ጣታቸውን በስክሪኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱ ቆዩ። አንዴ ቆም አሉና አይደለም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደገና ጎተቱት። መጨረሻ ላይ ስልኩን መለሱላት።

«አላውቀውም» አሉ። «ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ከላይ አይቼው አላውቅም። የጎረቤት ዝይ ነበረች፣ ግራጫ፣ አንገቷ ላይ ነጭ ነገር ያለባት። በሄድኩበት እየተከተለች መቀመጫዬን ትነክሰኝ ነበር። እናቴ ትስቃለች እንጂ አታስጥለኝም።»

ዳርካ ስልኩን ዘግታ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች።

«መንደሩን ብትወስጂኝም ላላውቀው እችላለሁ» አሉ ጋሽ ኦስታፕ። «ያችን ዝይ ግን የትም ባያት አውቃታለሁ።»